ጣፋጭ ነጭ ወይን የጀማሪ ነው የምትሉ እስኪ ኑ

የጠባሴው፦
ሰላም የሸዋ ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ? ውርጩስ እንዴት ይዟችኋል?

አንድ ነገር ልናገርና ስድባችሁን ልጠብቅ። እኔ ጣፋጭ ነጭ ወይን እወዳለሁ። ማፈሬንም ትቻለሁ። የማወራው ግን ስኳር ስለተበጠበጠበት ርካሽ ነገር አይደለም። ፍሬው በስሎ ሳይለቀም ግንዱ ላይ ሳምንታት ከርሞ፣ ዘቢብ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ስለሚለቀመው ነው። ጠርሙሱ ላይ «ሌት ሃርቨስት» ተብሎ ይጻፋል። ፍሬው በቆየ ቁጥር ውሃው ይተናል፣ ስኳሩ ግን የትም አይሄድም። ሲጠመቅ ደግሞ እርሾው ያን ሁሉ ስኳር ወደ አልኮል መለወጥ ያቅተዋል፤ አልኮሉ 13 ወይም 14 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ደክሞት ያቆማል፣ አንዳንዴም ጠማቂው ራሱ ቀድሞ ያስቆመዋል። ጣፋጭ የሚያደርገው ያ የተረፈው ስኳር ነው። ከረጢት ይዞ የጨመረ ሰው የለም።

አጠጣጡ ቀላል ነው። ቀዝቀዝ ይበል፣ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ። ደብረ ብርሃን ያላችሁ በታኅሣሥ ፍሪጅ አያስፈልጋችሁም፣ ምሽት ላይ መስኮት ላይ ማስቀመጥ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ግን አትርሱት፤ በጣም ሲቀዘቅዝ ሽታው ይጠፋል፣ ሽታው ከጠፋ ደግሞ ግማሹ ነገር ቀረ። ትንሽ ቅዱ። ቶሎ አትዋጡት።

አሁን ስደቡኝ።

ደረቅ ብቻ፦
ወንድሜ አትቀየመኝና፣ ስኳር የወደደ ሰው ለምን ወይን ይጠጣል? ማሩን አይልስም? ቀምሼዋለሁ። የመጀመሪያው ጉንጭ ደስ ይላል፣ ሁለተኛው እሺ፣ ሦስተኛው ላይ ያቅለሸልሻል። አልኮል ያለበት ለስላሳ ነው በቃ።

የጠባሴው፦
ለስላሳ ካልክ በቁጥር እንነጋገር። ኮካ ኮላ በሊትር 106 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ሶተርን የሚባለው የቦርዶ ጣፋጭ ወይን አብዛኛውን ጊዜ ከ120 እስከ 150 ግራም ይይዛል። እንዲያውም ይበልጠዋል ማለት ነው። ግን አፍህ ላይ እንደ ሽሮፕ አይለጠፍም። ለምን? ኮምጣጣ ስለሆነ። ስኳሩን የሚሸከመው አሲዱ ነው። የዚህ ወይን ምስጢር ጣፋጭነቱ አይደለም፣ ከጣፋጩ ሥር ያለው ኮምጣጣ ነው።

ደረቅ ብቻ፦
ኮካም እኮ አሲድ አለው። መከራከሪያህ ራስህን በላህ 😂

የጠባሴው፦
አልበላኝም። አሲዱን አውጣለትና ኮካን ጠጣው እስኪ። ያልኩት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ከዋጥከው በኋላ ነው የሚመጣው። ኮካ ስኳሩን ትቶልህ ይሄዳል። ጥሩ ወይን ግን መጀመሪያ ማር ማር ይላል፣ ቆይቶ የብርቱካን ልጣጭ፣ መጨረሻ ላይ ምራቅህን አምጥቶ አፍህን አጥቦልህ ነው የሚሄደው። ሦስተኛው ጉንጭ ላይ ያቅለሸለሸህ ኮምጣጣ ያነሰው ይመስለኛል። እንደሱ ዓይነቱ ሞልቷል፣ እሱን እኔም አልጠጣም።

የአንኮበር ጠጅ፦
ልጆቼ፣ በፈረንጅ ወይን ስትጣሉ አይቼ ገባሁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጠጅ ጥዬ ነው የኖርኩት፣ ይህ ነገራችሁ ለኔ አዲስ አይደለም። በጠጅ ማሩን የሚገራው ጌሾው ነው። ጌሾ ያነሰው ጠጅ ብርዝ ነው፣ ሕፃን ይጠጣው። መራራው ነው ጣፋጩን የሚያስጠጣው። እንግዲህ የናንተው ወይን በጌሾ ፈንታ ኮምጣጣውን ይዟል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ጣፋጭ ጠጅ ሲሰነብት ጣፋጩ እየጠፋ ይከርራል። ይህ ወይን ዓመት ከዓመት ጠርሙስ ውስጥ ተቀምጦ እንዴት አይከርርም?

ኬፕታውን ያለሁ፦
እትዬ፣ ጥያቄዎን እኔ ልመልስ። ጠጃችን ሲቀርብ እርሾው ውስጡ በሕይወት አለ፣ ስለዚህ ሥራውን አያቆምም። ወይኑን ግን ጣፋጩ በሚፈለገው ልክ ሲሆን ያቀዘቅዙታል፣ እርሾውን ያጣሩታል፣ የድኝ ውህድም ይጨምሩበታል። ጣፋጭ ወይን ከደረቁ (ስኳሩ ካለቀው) ይልቅ ይህ ውህድ ይበዛበታል፣ ምክንያቱም የተረፈው ስኳር እርሾውን እንደገና እንዳይቀሰቅሰው ነው። አስም ያለበት ሰው ይጠንቀቅ።

እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፣ እዚህ ምግብ ቤት ነው የምሠራው። ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ኮንስታንሺያ የሚባል ወይን የሚለማበት አካባቢ አለ። ናፖሊዮን ሴንት ሄለና ደሴት ላይ ታስሮ ሳለ የሚላክለት ጣፋጭ ወይን ከዚህ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ተረሳና ከዘመን በኋላ ክሌን ኮንስታንሺያ የተባለው እርሻ በ1986 ምርት (በፈረንጅ ነው) እንደገና አስጀመረው። ከሙስካት ወይን ነው የሚሠራው፣ ሻጋታ የለበትም፣ ፍሬው እዚያው ግንዱ ላይ ይጨማደዳል። ናፖሊዮንንም ጀማሪ ነበር በሉኛ።

በነገራችን ላይ እዚህ አገር «ኖብል ሌት ሃርቨስት» ብሎ ለመጻፍ ወይኑ በሊትር ከ50 ግራም በላይ የተረፈ ስኳር ሊኖረው ይገባል። እኛ ቤት ለአንድ ሰው የምንቀዳው ከ60 እስከ 75 ሚሊ ሊትር ነው። ጠርሙሱም ብዙ ጊዜ ግማሽ ነው፣ 375። እንደ ቢራ የሚጨለጥ ነገር አይደለም።

መንዝ በግ፦
ቆይ ቆይ። «ሻጋታ የለበትም» ስትይ ሻጋታ ያለበትም አለ ማለት ነው??? ገንዘብ ከፍዬ ሻጋታ ልጠጣ?

የባቄላ ሐኪም፦
አለ። በዓለም ውድ ከሚባሉት ጣፋጭ ወይኖች ብዙዎቹ ከሻገተ ፍሬ ነው የሚሠሩት። ሻጋታው ቦትራይቲስ ሲኔሪያ ይባላል። ለኛ ሰው ደግሞ ባዳ አይደለም። የባቄላችን ቅጠል ላይ ቡናማ ነጥብ የሚያወጣው፣ ቸኮሌት ስፖት የምንለው በሽታ የሚመጣው ከቅርብ ዘመዱ ከቦትራይቲስ ፋቤ ነው። ቆርምድ ሌላ ነው፣ አታደባልቁብኝ። ክረምቱ ሲያይል ቸኮሌት ስፖት አንድ ማሳ ባቄላ ምን እንደሚያደርግ የምታውቁ ታውቃላችሁ። እኔ እንጀራዬ ይህንን ማሳደድ ነው፣ እና ሌላ አገር ዘመዱን በናፍቆት የሚጠብቁት ገበሬዎች አሉ ሲባል መጀመሪያ ስሰማ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም።

ወይን ላይም ቢሆን ክፉ ነው። ዝናቡ ካላቋረጠ ግራጫ ሆኖ ዘለላውን በሙሉ ያበሰብሰዋል። ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ፀሐይ ሲፈራረቁ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በጉሙ ጊዜ ሻጋታው ያድግና የፍሬውን ልጣጭ ይበሳሳዋል። ከሰዓት ፀሐዩ በዚያች ቀዳዳ ውሃውን ያወጣዋል፣ ሻጋታውንም እንዳይባልግ ይይዘዋል። ውስጡ የሚቀረው ስኳር፣ ኮምጣጣና ሻጋታው ራሱ የፈጠረው የማር ሽታ ነው። ሶተርን ውስጥ ጉሙ የሚነሳው ሲሮን የምትባል ቀዝቃዛ ትንሽ ወንዝ ሞቅ ካለው ከጋሮን ጋር ስትገናኝ ነው። ሃንጋሪ ቶካይ ላይ ደግሞ ቦድሮግና ቲሳ የሚባሉ ወንዞች አሉ።

ችግሩ ሁሉም ፍሬ በአንድ ቀን አለመድረሱ ነው። ስለዚህ ለቃሚዎቹ የደረሰውን ብቻ እየመረጡ ያንኑ ማሳ ደጋግመው ይመላለሱበታል። ሻቶ ዲኬም የሚባለው የሶተርን እርሻ ከአንድ የወይን ተክል የሚያገኘው አንድ ብርጭቆ ገደማ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1855 የቦርዶ ወይኖች ደረጃ ሲወጣላቸው ከሁሉ በላይ ለብቻው የተቀመጠው እሱ ነው፣ ጣፋጭ ነጭ ወይን ሆኖ። ዓመቱ ካልሆነላቸው ደግሞ ጨርሰው አያወጡም። የ1992ንና የ2012ን ምርት (በፈረንጅ ነው) በስማቸው አልሸጡም።

ዋጋው ለምን ሰማይ ነካ የምትሉ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

መንዝ በግ፦
ጉምማ ጣርማበር ሞልቷል! ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ፀሐይ። ምን ቀረን እንግዲህ?

የባቄላ ሐኪም፦
ወይኑ ነዋ 😄

መንዝ በግ፦
እሺ ውርጩስ? ካናዳ ውስጥ በረዶ የመታው ወይን ይሸጣሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። የኛ ውርጭ ገብሱን ከሚጨርስ ለዚህ አይውልም?

የባቄላ ሐኪም፦
አይስ ወይን ነው የምትለው። ፍሬው ግንዱ ላይ እንዳለ እስኪደርቅ በረዶ ሆኖ፣ ሳይሟሟ ይጨመቃል። ውሃው በረዶ ሆኖ መጭመቂያው ላይ ይቀራል፣ ጣፋጩ ብቻ ጠብ ጠብ ይላል። ካናዳ ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ፣ ጀርመን 7 ዲግሪ እስኪደርስ ይጠብቃሉ። የደብረ ብርሃን ውርጭ ጎህ ሲቀድ ይነክስና ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣል፣ እዚያ ድረስ አይወርድም። ከዚያ በፊት ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወይኑ መቼ በስሎ?

ሮቢት ቆላ፦
እና እኛጋ ይበስላል! ሸዋ ሮቢት ማንጎውም ብርቱካኑም አለ፣ ውሃው አለ፣ ፀሐዩ አለ። ዝዋይ ላይ ካስቴል ተክሎ ሪፍት ቫሊና አካሲያ እያለ እየሸጠልን ነው። እኛ ምን ጎደለን? ማሾና ሽንኩርት ብቻ ስናመርት ልንኖር ነው?

የባቄላ ሐኪም፦
ወይን ይበቅላል፣ አልከራከርህም። ዘግይቶ መልቀም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አውሮፓ ፍሬው ከበሰለ በኋላ ቀኑ እያጠረ፣ ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። በዚህ ብርድ ውስጥ ስኳሩ ሲጨምር ኮምጣጣው አይጠፋም። ቆላ ላይ ፍሬውን ግንዱ ላይ ካቆየኸው ሙቀቱ ኮምጣጣውን ይበላዋል፣ የሚተርፍህ የጠባሴው የሚያማው ዓይነት ሽሮፕ ነው። ወፉንም አስብ። ማሽላ ጠብቀህ ታውቃለህ አይደል?

ሮቢት ቆላ፦
ወፉን ተወው፣ እሱን አታንሳብኝ።

ቆሎ በኪሴ፦
ይህ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ስለ ምግቡ የተናገረ የለም። ከምን ጋር ነው የሚጠጣው? ኬክ ጋር ነው የሚሉት አይደል?

ኬፕታውን ያለሁ፦
ኬክ ጋር ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኬኩ ከወይኑ የበለጠ ጣፋጭ ከሆነ ወይኑ ውሃ ውሃና ኮምጣጣ ይሆንብሃል። ጣፋጭ ምግብ ካስፈለገ ወይኑ ቢያንስ እኩል መጣፈጥ አለበት። ፓፓያ ወይም የሮቢት ማንጎ ይሻላል።

እንግዶቻችን የሚያብዱበት ግን ጨው ነው። ፈረንሳዮች ሶተርንን ከሮክፎር ጋር ይበሉታል፣ ሰማያዊ ሻጋታ ያለበት በጣም ጨዋማ አይብ ነው (መንዝ በግ ይቅር በለኝ፣ አሁንም ሻጋታ)። ጨውና ጣፋጭ ሲገናኙ ሁለቱም ይለዝባሉ። የኛ አይብ ለብቻው አይሆንም፣ ጨው የለውም። ጨው ነስንሰህ፣ ትንሽ ጥቁር አዝሙድ ጣል ካደረግህበት ግን ያስኬዳል፣ እኔ ቤቴ እንደዚያ ነው የማደርገው።

የአገሬን ልጅ ደስ ላሰኘውና፣ የደብረ ሲና ቆሎ! ጨው ያለበት፣ ኦቾሎኒና ሱፉ የበዛበት። ገብሱ ሲቆላ የሚያወጣው ሽታ ከወይኑ ማርነት ጋር ልክ ነው። በጾምም ችግር የለውም።

ቆሎ በኪሴ፦
ይህን ቃልሽን ወረቀት ላይ ጽፌ አውቶቡስ ተራ እለጥፈዋለሁ። ተባረኪ እህቴ።

ደረቅ ብቻ፦
ኦቾሎኒ ጋር ቢራም ያስኬዳል፣ ወይን ማባከን ነው። ዋናው ምግብ ላይ ንገሩኝ። ዶሮ ወጥ ላይ ጣፋጭ ወይን ልትሉኝ ነው?

የጠባሴው፦
አዎ ልንልህ ነው! በርበሬ ላይ ያንተ ደረቅ ቀይ ነው ጥፋተኛው። አልኮል የሚጥሚጣውን ማቃጠል ያባብሰዋል፣ ታኒኑ (ከፍሬው ልጣጭ የሚወጣው) ደግሞ አፍህን ያደርቀዋል፣ ሁለቱ ተባብረው እሳት ላይ እሳት ነው። ጣፋጭ ነገር ግን ማቃጠሉን ያበርደዋል። ለዶሮ ወጥ ሶተርን አልልህም፣ ይከብዳል። ሪዝሊንግ ከሚባል ነጭ የወይን ዝርያ የሚሠራ የጀርመን ወይን፣ ሽፔትሌዘ የሚባለው ዘግይቶ የተለቀመ፣ አልኮሉ 8 ወይም 9 በመቶ ብቻ የሆነው አለ። ቀለል ያለ ጣፋጭ፣ ብዙ ኮምጣጣ። ቅቤውን ይቆርጥልሃል፣ በርበሬውን ያበርድልሃል።

የሽፔትሌዘ ታሪክ ራሱ ያስቃል። እ.ኤ.አ. በ1775 ሽሎስ ዮሃኒስበርግ የሚባለው ገዳም ወይን ለመልቀም ከበላዩ ከፉልዳው ጳጳስ ፈቃድ መጠበቅ ነበረበት። መልእክተኛው ዘገየ። ፈቃዱ ሲደርስ ፍሬው በሻጋታ ተጨማዷል። ምን ያድርጉ፣ ያንኑ ለቅመው ጠመቁት፣ ተአምር ሆነ ተብሎ ይተረካል። ቢሮ ሄደን «ነገ ና» ስንባል የምንናደደው በከንቱ ነው ማለት ነው።

ደረቅ ብቻ፦
የዶሮ ወጡን ለገና እሞክራለሁ። ካቃጠለኝ ስልክህን አገኘዋለሁ። ለናፖሊዮን ግን አልገዛም፣ እሱ ምርኮኛ ሆኖ የሰጡትን ነው የጠጣው።

ኬፕታውን ያለሁ፦
አሳበደኝ ይሄ ሰውዬ 😂 ራሱ ያዘዘውን ነው የጠጣው እባክህ።

የአንኮበር ጠጅ፦
በብርሌ ብንጠጣውስ ልጆቼ? ቤቴ ሌላ ነገር የለም። መለኪያም አለ።

ኬፕታውን ያለሁ፦
እትዬ፣ ከሁለቱ ብርሌው ይሻላል፣ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ሽታውን ይይዛል። ግን አፍንጫ አያስገባም፣ የታፈነውን ሽታ ማን ያሸተዋል? መለኪያ ደግሞ እስከ አፉ ስለሚሞላ ለሽታ ቦታ የለውም። ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ያለች ትንሽ የወይን ብርጭቆ ካለች እስከ ሲሶዋ መቅዳት ነው። ከሌለ ግን በብርሌው ይጠጡት፣ ማንም አይከስዎትም።

ጅሩ ሜዳ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ዘመድ ያመጣልኝ እንዲህ ዓይነት ጠርሙስ ቁም ሳጥን ላይ ከዓመታት በፊት አስቀምጬ ነበር። ያኔ እንደ ገለባ ቢጫ ነበር፣ አሁን እንደ ማር ጠቁሯል። ተበላሽቷል? ልድፋው?

የጠባሴው፦
ኧረ እንዳትደፋው! ጣፋጭ ነጭ ወይን ሲያረጅ መልኩ ወደ ወርቅ፣ ከዚያም ወደ ቡናማ ይሄዳል። ጥሩ ሶተርንና ቶካይ አሥርት ዓመታት ይቆያሉ፣ ስኳሩና ኮምጣጣው ናቸው የሚጠብቋቸው። ክፈተውና አሽትተው። የደረቀ ፍራፍሬ፣ የተቃጠለ ስኳር፣ ለውዝ ከሸተተህ እሰይ። ኮምጣጤ ወይም እርጥብ ካርቶን ከሸተተህ ግን አበቃለት። ቀጣዩን ደግሞ ቁም ሳጥን ላይ አታድርግ፣ ከላይ ሙቀት አለ። ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ፣ በጎኑ አጋድመህ፣ ቡሹ እንዳይደርቅ።

ከተከፈተ በኋላም አትቸኩል። ቡሹን መልሰህ ፍሪጅ ውስጥ ካስቀመጥከው አንድ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ደረቅ ወይን በማግስቱ ሲሞት ይህ ይጠብቅሃል።

ጅሩ ሜዳ፦
እግዜር ይስጥህ። ስኳር ያለባቸው አባቴ ግን እንዳያዩት ደብቄ ነው የምጠጣው።

የባቄላ ሐኪም፦
ልክ ነህ፣ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይህን እንደ ደረቅ ወይን እንዳይቆጥረው። ከላይ የተጻፈውን ግራም አስታውሱ።

ቆሎ በኪሴ፦
የመጨረሻ ጥያቄ። አዲስ አበባ ስወርድ ልግዛ ብል ምን ብዬ ልጠይቅ? አክሱሚት ይሆናል?

የጠባሴው፦
አክሱሚት ጣፋጭ ነው፣ ግን ቀይ ነው። የአገር ውስጡ ከፊል ጣፋጭ ነጭም ለመጀመር መጥፎ አይደለም፣ ነገር ግን ይህ ያልነው ዓይነት አይደለም። ጠርሙሱ ላይ «ስዊት» ብቻ ካለ አትመን። «ሌት ሃርቨስት»፣ «ኖብል ሌት ሃርቨስት»፣ «ሶተርን»፣ «ቶካይ አሱ» የሚል ፈልግ። የደቡብ አፍሪካው ከፈረንሳዩ ይረክሳል። ሽንጠ ረጅም ቀጭን ጠርሙስ ላይ «ሽፔትሌዘ» ካየህ ደግሞ ቀጥሎ ያለውን ቃል አንብብ። «ትሮክን» የሚል ካለበት ዘግይቶ ቢለቀምም ስኳሩን ጨርሰው ያስበሉት ደረቅ ነው። እሱን ካገኘህ ለ«ደረቅ ብቻ» ላክለት።

ደረቅ ብቻ፦
ላክልኝ፣ የአውቶቡሱን እኔ እከፍላለሁ። ቆሎውንም አትርሳ።